«ይሄ ላፕቶፕ አዲስ ሲስተም አይሸከምም»፦ እውነት ወይስ ተረት?

«አርጅቷል፤ አዲስ ሲስተም አይሸከምም።» ይህን ከጥገና ቤት ሰምቶ ላፕቶፑን ቁም ሳጥን ውስጥ የወረወረ፣ ወይም በማይረባ ዋጋ የሸጠ ሰው በየሰፈሩ አለ። በዘመድ ሻንጣ ከአሜሪካ የመጣ ቲንክፓድ ይሁን፣ ከዱባይ የገባ ኤሊትቡክ ይሁን፣ ታናሽ ከታላቁ የወረሰው ቶሺባ ይሁን፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፤ የተሞከረበት መጫኛ ለእሱ የሚሆን አልነበረም። የሚሆነውን ለማወቅ ደግሞ ከተሠራበት ዓመት ይልቅ ፕሮሰሰሩን፣ ባዮሱንና ዲስኩን መጠየቅ ይሻላል። እነዚህን ማንበብ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሳያነቡ ከ5 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ማውረድ ግን የአንድን ተማሪ የወር ዳታ ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ በየጥገና ቤቱና በየዶርሙ የሚባለውን እየመዘንን እንሂድ። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«አሮጌ ከሆነ 32 ቢት ነው የሚጫንበት»

ተረት። ከሁሉም የበለጠ ጉዳት ያደረሰውም ይሄኛው ይመስለኛል።

ኤኤምዲ ለግል ኮምፒውተር የሚሆን 64 ቢት ፕሮሰሰር ገበያ ላይ ያዋለው በ2003 ነው። ኢንቴል በ2006 ያወጣው ኮር 2 ዱዎም 64 ቢት ነው። እንግዲህ ዛሬ «አሮጌ» የምንላቸው ላፕቶፖች አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ የተሠሩ ናቸው፤ 64 ቢት ሲስተም ያለ ችግር ይቀበላሉ። የማይቀበሉት ጥቂት ናቸው፦ ፔንቲየም ኤም ያላቸው፣ ስማቸው ላይ «2» የሚል ቁጥር የሌለባቸው ኮር ዱዎዎች፣ እንዲሁም አተም ኤን 270 የተገጠመላቸው የ2008 አካባቢ ትናንሽ ላፕቶፖች።

ሰውን የሚያሳስተው ማሽኑ ላይ ያገኘው ሲስተም ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት የሚለውን ይክፈቱ። «ሲስተም ታይፕ» የሚለው መስመር ሁለት ነገር አጣምሮ ይነግርዎታል፤ መጀመሪያ የሲስተሙን ቢት፣ ከኮማው በኋላ የፕሮሰሰሩን። መስመሩ «32 ቢት ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ኤክስ 64 ቤዝድ ፕሮሰሰር» የሚል ከሆነ ማሽኑ 64 ቢት ሆኖ ሳለ አንድ ሰው 32 ቢት ጭኖበታል ማለት ነው። ከፍ ብሎ ያለውን የራም መስመርም ያንብቡ። 32 ቢት ዊንዶውስ 10 ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም አይጠቀምም፤ ከዚያም ላይ ለሃርድዌሩ የሚቀነስ አለ። 8 ጊጋባይት ራም የተገጠመለት ላፕቶፕ 3 ጊጋባይት ከምናምን ብቻ እየሠራበት ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ «ዘገምተኛ ሆነብኝ» እያለ ራም ሊያስጨምር ይሄዳል፤ የተከፈለበት ራም ግን እዚያው ተቀምጦ ነበር።

በዚያ ላይ የ32 ቢት በር እየተዘጋ ነው። ዊንዶውስ 11 ከነጭራሹ 32 ቢት የለውም። ኡቡንቱ የ32 ቢት ዴስክቶፕ መጫኛውን በ2017 አቁሟል፤ ዴቢያንም በ2025 በወጣው 13ኛ እትሙ የ32 ቢት መጫኛውን አስቀርቷል። ማሽኑ የእውነት 32 ቢት ከሆነ ዴቢያን 12 ወይም አንቲኤክስ 23 የ32 ቢት እትም አላቸው።

«ዊንዶውስ 10 አበቃ፤ ላፕቶፑም አበቃ»

ግማሹ እውነት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ላፕቶፑ መብራቱን አያጠፋም፣ ፋይልም አይጠፋም፤ የሚቀረው የደኅንነት ማሻሻያው ነው። ለግል ተጠቃሚ ደግሞ ተመዝግቦ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ድረስ የደኅንነት ማሻሻያ የሚያገኝበት መንገድ ተከፍቷል።

ወደ ዊንዶውስ 11 ማለፍ የሚችለው የትኛው ነው? የማይክሮሶፍት መስፈርት ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ዲስክና በኢንቴል በኩል በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር ነው። ትውልዱ ከስሙ ይነበባል። «አይ 5-6300 ዩ» ከሆነ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 6 ስድስተኛ ትውልድ ነው ይላል፤ «አይ 5-8250 ዩ» ከሆነ ስምንተኛ ነው። ሻጭ «ኮር አይ 5 ነው» ሲልዎት ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ይጠይቁት፤ ዋናው እሱ ነው።

መስፈርቱን ዘሎ መጫንስ? ይቻላል። ሩፈስ የተባለው ፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ይህንን የቲፒኤም ፍተሻ የሚያስቀር ምርጫ አለው። ግን ወሰን አለው። 24ኤች2 ከተባለው እትም ጀምሮ ዊንዶውስ 11 ኮር 2 ዱዎ ውስጥ የሌሉ የፕሮሰሰር ትእዛዞችን ስለሚጠቀም በእነዚያ ማሽኖች ላይ ጭራሽ አይነሳም፤ ይህን የሚያልፍ ዘዴ የለም። ቢጫንም እንኳ ማይክሮሶፍት መስፈርቱን ላላሟላ ማሽን ለማሻሻያ ዋስትና አይሰጥም። የባንክ ሥራ የሚሠራበትን ወይም የመሥሪያ ቤት ሰነድ ያለበትን ላፕቶፕ በዚህ መንገድ እንዲያሳልፉት አልመክርም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሊኑክስ ሚንት 22ን እመርጣለሁ፤ 2 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል፣ 4 ቢሆን ይመረጣል፣ ድጋፉም እስከ 2029 ይዘልቃል።

«ለአሮጌ ማሽን ዊንዶውስ 7ን የሚያህል የለም»

ተረት ነው፤ ያውም አደገኛ ተረት። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ያበቃው ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ነው። ክሮምም 109ኛ እትሙ ላይ ትቶታል። ዛሬ እሱን መጫን ማለት ቀዳዳው የታወቀ፣ ጠጋኝ የሌለው ሲስተም ይዞ ኢንተርኔት ላይ መውጣት ነው።

ለመጫንም ቢሆን ቀላል አይደለም። 6ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ባለው፣ ከ2015 ወዲህ በተሠራ ላፕቶፕ ላይ በፍላሽ ሲሞከር የሚሆነውን ይመልከቱ። ፍላሹ ይነሳል፤ ቋንቋ የሚያስመርጠው መስኮት ይመጣል። የተሰካው ማውስ ግን አይንቀሳቀስም። በኪቦርድ «ኢንስቶል ናው» ሲሉት ደግሞ የሲዲ ወይም የዲቪዲ ድራይቨር ጎድሎኛል ይላል፤ ሲዲ የሚባል ነገር ግን በአካባቢው የለም። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ዊንዶውስ 7 በ2009 ሲወጣ የዩኤስቢ 3.0 ድራይቨር አልነበረውም። ኢንቴል ደግሞ ከ6ኛው ትውልድ ጀምሮ የድሮውን የዩኤስቢ 2 መቆጣጠሪያ ከላፕቶፖቹ አወጣ። ፍላሹን መጀመሪያ ያነበበው ባዮሱ ነው፤ ዊንዶውስ ራሱ ሥራውን ሲረከብ የተነሳበትን ፍላሽ ማየት ያቅተዋል። ሰው ፍላሹ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ይገዛል፤ ሌላውም ያንኑ ይለዋል።

«አይኤስኦውን ፍላሽ ላይ ኮፒ ማድረግ ይበቃል»

አይበቃም። አይኤስኦ የሚባለው የመጫኛ ፋይል እንዳለ ከተገለበጠ ፍላሹ የሚነሳ ፍላሽ አይሆንም። ፋት 32 የሆነ ፍላሽ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል ከነጭራሹ አይቀበልም። እንደ ሩፈስ ባለ ፕሮግራም መጻፍ አለበት።

ሩፈስን ሲከፍቱ የዲስኩ አከፋፈል ኤምቢአር ይሁን ወይስ ጂፒቲ ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይገምታል፤ መገመት ግን አያስፈልግም። የዊንዶውሱን ቁልፍና አር አብረው ይጫኑና ኤምኤስኢንፎ32 ብለው ይጻፉ። «ባዮስ ሞድ» የሚለው መስመር ሌጋሲ ካለ ኤምቢአር፣ ዩኢኤፍአይ ካለ ጂፒቲ ይምረጡ። ከዚያ ላፕቶፑ ሲበራ የቡት ምርጫውን ያምጡ፤ ዴል፣ ሌኖቮና ቶሺባ ላይ በአብዛኛው ኤፍ 12 ነው፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9።

አንድ አስቸጋሪ ዘር አለ። በ2013 እና በ2014 አካባቢ 2 ጊጋባይት ራምና አተም ፕሮሰሰር ይዘው የወጡ ትናንሽ ላፕቶፖችና ታብሌቶች ፕሮሰሰራቸው 64 ቢት ሆኖ ዩኢኤፍአያቸው 32 ቢት የሆነ ብዙ ናቸው። በትክክል የተዘጋጀ የ64 ቢት ዊንዶውስ ፍላሽ ሲሰኩባቸው የቡት ዝርዝሩ ላይ እንኳ አይመጣም። ለእነዚህ 32 ቢት ዊንዶውስ 10 ይነሳል፤ ከላይ 32 ቢትን የተቃወምኩት እነሱን አይመለከትም።

«ክራክ የግድ ነው፤ ከየትም ቢመጣ ያው ነው»

ተረት። ብዙ ሰው በእጁ ያለውን ንብረት ሳያውቅ የሚከፍለው እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ 8 ከወጣበት ከ2012 ወዲህ ትልልቆቹ አምራቾች ከዊንዶውስ ጋር በሸጡት ላፕቶፕ ላይ ፕሮዳክት ኪዩን የሚጽፉት ቦርዱ ውስጥ ነው። ዊንዶውስ 10 ሆም ይዞ የመጣ ማሽን ላይ ያንኑ ሆም ጭነው ኢንተርኔት ሲያገናኙት ራሱን በራሱ አክቲቬት ያደርጋል። ፕሮ ይዞ የመጣው ላይ ፕሮ መሆን አለበት፤ እትሙ ከተለያየ አይሠራም። መጫኛውን ማይክሮሶፍት በራሱ ገጽ በነፃ ያስወርዳል።

በቴሌግራም ቻናልና በፍላሽ የሚዞሩት «ላይት» የተባሉ ዊንዶውሶች የማይታወቅ ሰው ከፍቶ የነካካቸው ናቸው። ዲፌንደሩ ተነቅሎ፣ ማሻሻያው ተዘግቶ ይመጣሉ። ምን እንደተቀነሰ አንዳንዴ ይነገራል፤ ምን እንደተጨመረ ግን ማን ይናገራል? የይለፍ ቃልዎን በሙሉ የሚጽፉት እዚያ ላይ ነው።

ከትክክለኛው ቦታ ያወረዱትንም ማረጋገጥ ጥሩ ነው፤ በተለይ ኔትወርክ እየተቆራረጠ የወረደ ከሆነ። የሊኑክስ አዘጋጆች ከመጫኛው ጎን ሻ 256 የሚባል 64 ፊደልና ቁጥር ያትማሉ። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሰርትዩቲል የተባለ ትእዛዝ የወረደውን ፋይል ያንኑ ቁጥር አስልቶ ይሰጥዎታል። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ፋይሉ ተበላሽቷል ወይም ተነክቷል፤ ፍላሽ ላይ አይጻፉት።

«ሊኑክስ የፕሮግራመር ነው፤ አማርኛም አያውቅም»

ሁለቱም ተረት። ሚንት ወይም ኡቡንቱ ላይ ኪቦርድ መምረጫው ውስጥ አማርኛ አለ፤ በላቲን ፊደል በድምፁ እየጻፉ ወደ ፊደላችን የሚቀይር ስልትም አይባስ በተባለው ፕሮግራም በኩል ይጨመራል፤ ኪማን የተባለው መጻፊያም የሊኑክስ እትም አለው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው ፎንት በነፃ ይገኛል።

የሚጎድለውንም ልናገር። የሒሳብ ሥራዎ ፒችትሪ ላይ ከሆነ ማሽኑን ከዊንዶውስ አያውጡት። በድሮ ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ሰነዶችም ዩኒኮድ ስላልሆኑ የራሳቸው ፎንት ከሌለ የተዘበራረቀ ምልክት ሆነው ነው የሚከፈቱት።

የሊኑክስ ትልቁ ጥቅም ግን ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ላይ ተነስቶ መሞከር መቻሉ ነው። ይስማማል አይስማማም የሚለውን ክርክር ከዚህ በላይ የሚዘጋ ነገር አላውቅም። ዋይፋዩን ያገናኙ፣ ድምፁን ይስሙ፣ ካሜራውን ይክፈቱ፣ ክዳኑን ዘግተው መልሰው ይክፈቱት። ከፍላሽ ሲሠራ ትንሽ ይዘገያል፤ እሱ አያሳስብዎት። ዋይፋዩ ካልመጣም ተስፋ አይቁረጡ፤ ብሮድኮም ካርድ ያላቸው ላፕቶፖች ድራይቨሩን ለየብቻ ይፈልጋሉ። ስልክዎን በዩኤስቢ ኬብል ሰክተው ኢንተርኔቱን ካካፈሉት በዚያው ይወርዳል።

«አዲስ ሲስተም ላፕቶፑን ያፈጥነዋል»

ጥቂት ያግዛል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ማሽን ግን ምንም ቢጫንበት ሲነሳ ያስጠብቃል። ያለዎትን ገንዘብ ኤስኤስዲ ላይ ያውሉት።

«ዲ ላይ ያስቀመጥኩት አይነካም»

ይህ ተረት የመመረቂያ ጽሑፍና የሠርግ ፎቶ በልቷል። ሲ እና ዲ ብዙ ጊዜ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ሲ ብቻ ከተሰረዘ ዲ ይተርፋል። ነገር ግን የዊንዶውስ መጫኛ ዲስኩ ኤምቢአር ነው፣ እኔ ጂፒቲ ነው የምፈልገው ብሎ እምቢ ሲል፣ ጠጋኙ በአብዛኛው ሁሉንም ክፍሎች አጥፍቶ ያልፈዋል። የሊኑክሱ «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለው ምርጫም ሙሉውን ዲስክ ነው የሚወስደው። ላፕቶፑን ለሌላ ሰው ሲሰጡ «ዲን አትንካ» ማለት አይበቃም። ፋይሎቹ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገልበጡ፤ ከዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ጥቂቶቹ ተከፍተው ይታዩ፤ መጫኑ ሲጀመርም ያ ሃርድ ዲስክ ከላፕቶፑ ተነቅሎ ይቀመጥ፤ መጫኛው የሚሰርዘውን ዲስክ ሲያስመርጥ እሱም ዝርዝሩ ውስጥ ይገባልና።