የተተኮሰን የሽጉጥ ጥይት ዳግመኛ መሙላትና የዕቃዎቹ ንግድ

ከብዙ ክፍሎች የተሠራ የንግድ ዕቃ ዋጋው የሚወሰነው ሁልጊዜ በትልቁ ክፍል አይደለም። አንዳንድ ጊዜ በመጠኑ ከሁሉ የሚያንሰው ክፍል ገበያውን በሙሉ ይዞ ይገኛል። ይህን በግልጽ ከሚያሳዩት ንግዶች አንዱ፣ በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት የሽጉጥ ጥይትን በቤት ውስጥ ዳግመኛ ለመሙላት የሚያገለግሉት ዕቃዎች ንግድ ነው። በዚያ አገር ብዙ የዒላማ ተኳሾች የተዘጋጀ ጥይት በመግዛት ፈንታ ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝተው በእጅ መጫኛ መሣሪያ ራሳቸው ይገጥማሉ። መሣሪያውን የሚሠሩት ኩባንያዎችም የቆዩ ናቸው፤ አርሲቢኤስ የተባለው በ1943 በካሊፎርኒያ፣ ሊ ፕሪሲዥን የተባለው ደግሞ በ1958 በዊስኮንሲን ሥራ ጀመሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ ሲሆን ይነገራል።)

አራቱ ክፍሎች

አንድ ጥይት አራት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ቀልሃ፣ ባሩድ፣ አረርና ፕራይመር የተባለው ትንሹ እሳት ለኳሽ ቆብ ናቸው።

ቀልሃው ከ100 እጅ 70 መዳብና 30 ዚንክ ካለበት ናስ የሚሠራ ሲሆን፣ ከአራቱ በዋጋ የሚበልጠው እርሱ ነው። በተኩስ ጊዜ የማይጠፋውም እርሱ ብቻ ስለ ሆነ፣ የዚህ ሥራ ቁጠባ በሙሉ የቆመው በቀልሃው ላይ ነው። ተኳሹ ከተኩስ ሜዳ ለቅሞ፣ አጥቦና መርምሮ ብዙ ጊዜ ይሠራበታል። ይሁን እንጂ የወደቀ ቀልሃ ሁሉ አይጠቅምም። ብረትና አሉሚኒየም የሆነው ይጣላል። ከናሱም ቢሆን የእሳት መግቢያው አንድ ቀዳዳ የሆነው፣ የቦክሰር ዓይነት የሚባለው ተመራጭ ነው፤ ሁለት ቀዳዳ ያለው የበርዳን ዓይነት የተቃጠለውን ፕራይመር ለማውጣት ያስቸግራል። የሚያስገርመው፣ የእንግሊዛዊው የቦክሰር ሥራ በአሜሪካ፣ የአሜሪካዊው የበርዳን ሥራ ደግሞ በአውሮፓ መለመዱ ነው።

ባሩድ በፓውንድ ይሸጣል። አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ስለ ሆነ፣ ለአንድ ጥይት 5 ግሬን የሚያስፈልግ ቢሆን አንዱ ፓውንድ ለ1,400 ጥይት ይበቃል ማለት ነው። አረሩን በርካሽ ለማግኘት አንዳንዶች እርሳስ አቅልጠው በቅርጽ ያፈሳሉ። ዳሩ ግን የእርሳስ ብናኝና ጢስ ለጤና ጎጂ ስለ ሆነ፣ አየር በሚገባ በሚዘዋወርበት ስፍራና በጥንቃቄ ካልሆነ በቀር የተገኘው ቁጠባ ከንቱ ይሆናል። ሌሎች ሽፋን የተቀባ የእርሳስ አረር ይገዛሉ፤ ይህም በመዳብ ከተለበጠው ይረክሳል።

ፕራይመርና የማጓጓዣው ሒሳብ

ቀልሃ ከሜዳ ይለቀማል፤ አረርም በቤት ይፈሳል። ፕራይመር ግን በምት የሚፈነዳ ቅመም ያለበት ስለ ሆነ በፋብሪካ ካልሆነ በቀር በደኅና የሚሠራ አይደለም። ለአነስተኛ የሽጉጥ ጥይት የሚሆነው የጎኑ ስፋት ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ሲሆን፣ እርሱ የጠፋ እንደ ሆነ ግን የቀሩት ሦስቱ ክፍሎች ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ።

ከዚህም በላይ ባሩድና ፕራይመር አደገኛ ዕቃዎች ስለ ሆኑ አጓጓዦች በእያንዳንዱ ሣጥን ላይ ልዩ ክፍያ ይጨምራሉ። ለምሳሌ ይህ ክፍያ 30 ዶላር ቢሆን፣ አንድ ሺህ ፕራይመር ብቻ ያዘዘ ሰው በእያንዳንዱ ላይ 3 ሳንቲም ይጨመርበታል፤ ዐሥር ሺህ ያዘዘው ግን የሚጨመርበት የሳንቲም ሦስት ዐሥረኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ብልሆቹ ገዢዎች ከጓደኞቻቸው ጋራ ተባብረው በአንድነት ያዛሉ፤ ወይም ክፍያው ከማይጠየቅበት ከአካባቢያቸው ሱቅ ይገዛሉ። ማከማቸቱም ቢሆን ወሰን አለው። በአሜሪካ የታወቀው የእሳት አደጋ መከላከያ ደንብ በመኖሪያ ቤት የሚቀመጠውን ፕራይመር ከ10,000፣ በተራ አቀማመጥ የሚቀመጠውን ባሩድ ከ20 ፓውንድ እንዳይበልጥ ይወስናል።

ገበያው በጥቂቶች እጅ መሆኑ

በአሜሪካ ስማቸው የታወቀው የፕራይመር ዓይነቶች አራት ናቸው፤ እነርሱም ሲሲአይ፣ ፌዴራል፣ ሬሚንግተንና ዊንቸስተር ናቸው። ከእነዚህም ሦስቱ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ የአንድ የቼክ ኩባንያ ንብረት ሆነዋል። ፋብሪካዎቹ ፕራይመሩን አስቀድመው ለራሳቸው ጥይት ስለሚያውሉት፣ የጥይት ፈላጊ በበዛ ጊዜ ለችርቻሮ የሚተርፈው ያንሳል። ከ2020 በፊት አንድ ሺሁ ከ30 እስከ 40 ዶላር ይሸጥ የነበረው፣ በ2020ና በ2021 እጥረት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ በሚደረግ ሽያጭ ከ100 ዶላር በላይ ደረሰ። በፕራይመር ቅመም ውስጥ የሚገባውንና የእርሳስን አረር የሚያጠነክረውን አንቲሞኒ ደግሞ ቻይና በ2024 መጨረሻ ወደ አሜሪካ እንዳይላክ ከለከለች፤ በኅዳር ወር 2025 እገዳውን ለጊዜው አነሣች። በሩቅ አገር የሚወሰን ነገር እንዲህ እስከ ትንሿ ቆብ ዋጋ ድረስ ይደርሳል።

ቁጠባና ደኅንነት

የባሩዱን መጠን በግምት መስፈር ፈጽሞ አይገባም። አምራቾቹ ባሳተሙት ሠንጠረዥ ብቻ መሥራት ያስፈልጋል። በሽጉጥ ጥይት የሚገባው ባሩድ ጥቂት ስለ ሆነ፣ በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢጨመር እንኳ ብዙ ጊዜ ቀልሃው ሞልቶ አይፈስምና ስሕተቱ ሳይታይ ያልፋል። ውጤቱ ግን መሣሪያውን መስበር፣ እጅንና ዐይንንም ማጥፋት ነው። ስያሜው የጠፋበትን ወይም የተቀላቀለ ባሩድን በርካሽ መግዛት ከዚሁ የከፋ ነው። በሕግ በኩልም፣ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለራሱ መተኮሻ የሚሞላ ሰው ፈቃድ አይጠየቅም፤ ለሽያጭ የሚሞላ ግን የአምራችነት ፈቃድ ማውጣት አለበት።

በኢትዮጵያ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጋራ በገበያ መመንዘሪያ ሆኖ ያገለገለበት ዘመን ነበር። ዛሬ ግን የጦር መሣሪያና የጥይት ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ዓ.ም. የሚመራ ስለ ሆነ፣ ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ለሌላው ንግድ ነው። መኪና፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር ወይም የልብስ ስፌት መኪና የሚያስመጣ ነጋዴ ዕቃውን ከማዘዙ በፊት ሦስት ነገሮችን መመርመር ይጠቅመዋል፤ የትኛው ክፍል በአገር ውስጥ ሊተካ እንደማይችል፣ ያንን ክፍል የሚሠሩት ስንት እንደ ሆኑ፣ የማጓጓዣውም ክፍያ ለእያንዳንዱ ዕቃ ሲካፈል ስንት እንደሚደርስ። ርካሽ ዋጋ የሚታወቀው ይህ ሁሉ ከተደመረ በኋላ ነው።