ስም የማይጻፍበት መድረክ፦ ሰብለ ተፈራና የማስታወቂያ ተውኔት



በአገራችን የቴአትር ጥናት ስለ ጸሐፌ ተውኔቶች ብዙ ተብሏል፤ ስለ ትልልቅ የመድረክ ተዋንያንም እንዲሁ። ሠላሳ ሰከንድ ለሚቆየው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ግን እምብዛም ገጽ አልተሰጠውም። ብዙ የኮሜዲ ተዋንያን እንጀራቸውን ያገኙትና በሕዝብ ዘንድ የታወቁት በከፊል በዚሁ መንገድ ነውና ጉዳዩ በቸልታ የሚታለፍ አይመስለኝም። ዛሬ ነገሩን የምናየው በሰብለ ተፈራ የሙያ ጉዞ በኩል ነው።

ሰብለ በመድረክ፣ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በማስታወቂያ የሠራች ተዋናይት ነበረች። ሕዝቡ ግን ይበልጥ የሚያውቃት በሌሎች ስሞች ነው፦ በሬዲዮ «እማማ ጨቤ»፣ «ቤቶች» በተሰኘው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ደግሞ «ትርፌ» ነበረች። መስከረም 1 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዕለት፣ በመኪና አደጋ ሕይወቷ ሲያልፍ ዜና ዕረፍቷ የተነገረው ከእነዚሁ የገጸ ባሕርያት ስሞች ጋር ተያይዞ ነበር።

ከእማማ ጨቤ እንጀምር። ሬዲዮ ለኮሜዲ ተዋናይት ልዩ ነፃነት ይሰጣታል፤ ፊቷን የሚያይ የለምና። ሰብለ «እማማ» የሚያሰኝ ዕድሜ ላይ ሳትደርስ እማማ መሆን የቻለችው በዚሁ ነፃነት ነው። እንዲህ ያለው ሚና የሚገነባው በትንፋሽ፣ ቃልን በመጎተትና በዝምታ ብቻ ነው። ዝምታን ለክቶ መጠቀምን ከሬዲዮ የተማረ ተዋናይ ደግሞ ለማስታወቂያ ግማሽ መንገድ ተጉዟል ማለት ይቻላል።

በማስታወቂያ ውስጥ ተመልካቹ የሚያየው ሰው ማን እንደሆነ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች መለየት አለበት። ስለዚህ ጸሐፊው አዲስ ሰው ለመፍጠር ጊዜ የለውም፤ ወደታወቁት ዓይነቶች ይሄዳል፦ ወሬ አነፍናፊ ጎረቤት፣ ቁጡ አማት፣ ከባላገር የመጣ ዘመድ፣ የቤት ሠራተኛ። ቀልዱ የሚበላሸው ግን ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ ላይ ነው። የምርቱ ስም ከሣቁ ከቀደመ ሣቁ ይሞታል፤ እጅግ ከዘገየም ተመልካቹ ቀልዱን ይዞ ምርቱን ይረሳዋል።

በአሜሪካ ስቴፋኒ ኮርትኒ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፕሮግረሲቭ የመድን ድርጅት ማስታወቂያዎች ላይ «ፍሎ» የምትባል ሻጭ ሆና ትጫወታለች። ፍሎ የተወለደችው በማስታወቂያው ውስጥ ነው። በእኛ አገር ግን መንገዱ በአመዛኙ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሕዝቡ አስቀድሞ በድራማ አንዲትን ሴት ይወዳታል፣ ነጋዴው በኋላ መጥቶ ያንን ፍቅር ይከራየዋል። ተዋናይቱ የምታከራየው ፊቷን ብቻ አይደለም፤ ተመልካቹ በየሳምንቱ ሲያጠራቅመው የኖረውን አመኔታም ጭምር እንጂ። ዋጋው በዚህ ሚዛን መተመን አለመተመኑ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ድራማ ሲያልቅ የተዋንያኑ ስም በማያው ላይ ይወጣል። ማስታወቂያ ስም የሚያወጣበት ትርፍ ሰከንድ የለውም። ስለዚህ የአንዲት ተዋናይት ታሪክ ሲጻፍ የማስታወቂያ ሥራዋ «በተለያዩ ማስታወቂያዎችም ላይ ሠርታለች» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል።

ይህን ንግግር በደባርቅ ማቅረቤ ያለ ምክንያት አይደለም። ቀደም ብዬ የቤት ሠራተኛዋን ከታወቁት ዓይነቶች መካከል ጠቅሻለሁ። ተመልካቹ እሷን በሦስት ሰከንድ የሚለያት በምንድን ነው? ከልብሷ ይልቅ በአነጋገሯ ነው። «ከቤት» በማለት ፈንታ «ተቤት» ስትል ከገጠር መምጣቷ ይታወቃል፤ ሣቁም እዚያው ላይ ይጀምራል። ይህ «ተ» ግን በዳባት ገበያ ማንንም አያስቅም። ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ተነሥተው ለቤት ሥራ ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ልጃገረዶች አሉ፤ ማያው ላይ የሚሣቀው በእነሱ አፍ ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ከእህቷ ወይም ከአክስቷ ጋር ያየች ልጅ የምለው ይገባታል።

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 በቋንቋ፣ በፆታ ወይም በሙያ ረገድ የሰውን ክብርና እኩልነት የሚጥስ ማስታወቂያን ይከለክላል። ድንጋጌው መልካም ነው፤ ሣቅን በሕግ ሚዛን ማስቀመጥ ግን አስቸጋሪ ነው። አንድ የሳሙና ማስታወቂያ አስቡ። እመቤቲቱ ስታስረዳ ሠራተኛዋ አፏን ከፍታ ታዳምጣለች፤ ተመልካቹ በሠራተኛዋ አላዋቂነት ይሥቃል። ያንኑ ጽሑፍ ሌላ ተዋናይት ስትጫወተው፣ እመቤቲቱ ተናግራ ስትጨርስ አንድ አፍታ ዝም ትላለች፤ ቀጥላም ዐይኗን ወደ ካሜራው ትመልሳለች። ተመልካቹ አሁን የሚሥቀው በእመቤቲቱ ነው። ከጽሑፉ አንዲት ፊደል አልተለወጠም፤ አዋጁም በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አያይም። እንደ እኔ ግምት የኮሜዲ ተዋናይት ሙያዊ ሥልጣን ያለው በዚህች አፍታ ውስጥ ነው፤ ገምጋሚዎች ግን የድራማ ሚናዋን ብቻ ሲመዝኑ ይህን ያልፉታል።

ይህን መመርመር የሚቻለው ማስታወቂያዎቹ ሲኖሩ ነው። በዚህ ርእስ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ለማዘጋጀት የምታስቡ ተማሪዎች፣ ለምታገኙት ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ የተሠራበትን ዓመት፣ የምርቱን ዓይነት፣ ገጸ ባሕርይዋ የምትናገርበትን የአካባቢ አነጋገርና የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን እንደሆነ መዝግቡ። የተዋናይቱን ስም ከማያው ላይ አታገኙትም፤ አብረዋት ከሠሩት ጠይቃችሁ ጻፉት።