የጎጃም ሽንሽን ቀሚስና የብትን ጨርቅ ነጋዴ

በአዴትና በአካባቢዋ፣ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ድረስ ባለው ገጠር ሴቶች የሚለብሱት ሽንሽን ቀሚስ ዛሬ ከመንደር አልፎ ለሠርግ፣ ለባህል ኪነትና ለቴአትር የሚፈለግ ልብስ ሆኗል። በ1958 ዓ.ም. እንደ ታተመው እንደ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያለውን፣ የጎጃምን የቀድሞ ኑሮ የሚያሳይ ድርሰት ለመድረክ ወይም ለፊልም የሚያዘጋጅ ሁሉ የገጠሩን ሴት እንደ ዘመኗ ማልበስ ግድ ይሆንበታል። ችግሩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከልብስ ሰፊው ሳይሆን ከሱቁ ነው።

ሸነሸነ ሲባል መሬትን ወይም ሥጋን ከፋፈለ ማለትም እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ልብስ ሰፊው ግን የሚሸነሽነው ሳይቆርጥ በማጠፍ ነው። ለዐይን የሚታየው እጥፋት 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከበስተ ኋላው የሚደበቀው ድርብ 4 ሳንቲ ሜትር ስለሚወስድ አንዱ እጥፋት 6 ሳንቲ ሜትር ይበላል። ስለዚህ ወገቧ 80 ሳንቲ ሜትር ለሆነች ሴት 40 እጥፋት፣ ይኸውም ከስፌቱ ትርፍ ሌላ 2 ሜትር ከ40 ዙሪያ ያስፈልጋታል። በ1 ሜትር ከ60 ይብቃ የሚል ገዢ አይጠፋም፤ ነገር ግን የእጥፋቱ ጥልቀት በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ለባሿ ስትራመድ ይከፈትና ተራ ቀሚስ ይመስላል።

ጥጥ እርጥበት እንዳለው በካውያ ሲተኮስ እጥፋቱን ይይዛል፤ በታጠበ ጊዜ ግን ይለቀዋል። ስለ ሆነም እጥፋቱ ከወገቡ ላይ በስፌት መታሰር አለበት። ፖሊየስተር በአንጻሩ በሙቀት ታጥፎ ሲቀዘቅዝ እጥፋቱ ይጸናበታል። ለዘወትር ልብስ ይህ ትልቅ ጥቅም መሆኑን አንክድም፤ ሆኖም በመብራት ፊት ያብለጨልጫል፣ ጠርዙም እንደ ምላጭ ስለሚሳል የጥንት ልብስ ነኝ ቢል የሚያምነው የለም። በ1909 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ስለ መሸንሸኛ ዘዴው የፈጠራ መብት የተሰጠው ማሪያኖ ፎርቱኒ እንኳ ሐር ይሸነሽን ነበር፤ የአሠራሩም ዝርዝር እስከ ዛሬ በሙሉ አልታወቀም።

ጥጥ ነው ተብሎ የተሸጠ ቅይጥ ጨርቅ ሲያበላሽ ወቀሳው የሚወርደው በሰፊው ላይ ነው፤ ደንበኛውን የሚያጣው ግን ባለ ሱቁም ጭምር ነው። አስመጪዎች የጨርቁን ዐይነት በየጣቃው ላይ በግልጽ ቢያስጽፉ መልካም ነው። የተጠራጠረ ነጋዴም ከጫፉ አንድ ክር መዝዞ ያቃጥል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ልም ዐመድ ይሆናል፣ ፖሊየስተር ግን ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። ንጹሑን ጥጥ የሚገዛ ሰው ጨርቁ ስለሚሰበሰብ፣ ከመቆረጡ በፊት እንዲያጥበው ሲገዛ ሳለ ይነገረው።