ሌሊቱ ስለ ምን ይጨልማል?

በክፍል ውስጥ ስለ ብርሃን ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አነሣና «መምህር፤ ሌሊት ለምን ይጨልማል?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም ፈገግ ብዬ «ፀሐይ ስለምትጠልቅ ነዋ!» አልኩና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ልጁ ግን አልተቀመጠም። «ከዋክብቱስ ፀሐዮች አይደሉም እንዴ?» አለኝ። በዚያው ደወሉ ተደወለና ዳንኩ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳስበው፣ ያፈርኩበት ጥያቄ ታላላቅ ሊቃውንትን ሦስት መቶ ዓመት ያስጨነቀ መሆኑን አስታወስኩ። በውስጡም ሌላ ጥያቄ ተሸሽጎበታል፤ ይኸውም ፍጥረተ ዓለሙ ወሰን አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው። በቋንቋችን ጽንፈ ዓለም እንላለን፤ ጽንፍ ማለት ዳርቻ ነውና ቃሉ ራሱ ሳይጠየቅ የመለሰ ይመስላል።

አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ ማታ ደመና ከሌለ ወደ ደጅ ይውጡና ቀና ይበሉ። በአንዱ ኮከብና በሌላው መካከል ያለውን ጥቁር ቦታ ይመልከቱ። ሰው ሁሉ የሚያየው ከዋክብቱን ነው፤ የእኛ ጉዳይ ግን ጥቁሩ ነው።

ጠፈሩ መጨረሻ የለውም፣ ከዋክብትም በየስፍራው ተበትነው ለዘላለም ሲያበሩ ኖረዋል እንበል። ጥቂት ባሕር ዛፍ በተተከለበት ጓሮ የቆመ ሰው በግንዶቹ መካከል የጎረቤቱን አጥር ያያል። ወደ እንጦጦ ደን የዘለቀ ሰው ግን ወደየትም ቢመለከት ዓይኑ ከአንድ ግንድ ላይ ያርፋል፤ የቅርቡ ቢያልፈው የሩቁ ይጋርደዋል። መጨረሻ በሌለው የከዋክብት ደን ውስጥ ብንሆን ኖሮ የእኛም ዓይን በየአቅጣጫው ከአንድ ኮከብ ላይ ማረፍ ነበረበት።

«የሩቅ ኮከብ ብርሃኑ ደካማ ነው» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ በእጥፍ የራቀ ኮከብ የሚደርሰን ብርሃኑ አንድ አራተኛ ብቻ ነው። ነገር ግን በእጥፍ ርቀት ላይ ያለው ስፍራ አራት እጥፍ ስለሚሰፋ ከዋክብቱም አራት እጥፍ ይበዛሉ። አንዱ ያጎደለውን ሌላው ይሞላዋል ማለት ነው። ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ያካሄደ ሰው የሚደርስበት ውጤት ያስደነግጣል፤ ሰማዩ በሙሉ እንደ ፀሐይ ፊት ማብራት አለበት። ከራሳችን በላይ ያለውን የሰማይ እኩሌታ ለመሸፈን ወደ 90 ሺህ የሚሆኑ ፀሐዮች ይፈልጋል። በዚያ ሙቀት ባሕር ዛፍም ሆነ መምህር ባልተረፈ ነበር።

ይህን አስቀድሞ ካስተዋሉት አንዱ ኬፕለር ነው። በ1610 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እሰጣለሁ) ሌሊቱ መጨለሙን አይቶ፣ እንግዲያው ከዋክብት ቍጥር አላቸው፣ ዓለምም ወሰን አለው ሲል ፈረደ። በ1823 ደግሞ ኦልበርስ የተባለ ጀርመናዊ ነገሩን እንደገና አነሣው። ይህ ሰው በብሬመን ከተማ ቀን ሐኪም፣ ሌሊት ኮከብ ተመልካች ነበረ፤ ጥያቄውም እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። እርሱ የሰጠው መልስ በጠፈር ያለ ስስ ጉም የሩቁን ብርሃን ይውጠዋል የሚል ነው። ይህ ግን አያዛልቅም። ምድጃ ላይ የተጣደ ብረት ምጣድ ሲቆይ እንደሚግል ሁሉ፣ ብርሃንን ለዘላለም ሲውጥ የኖረ ጉምም ግሎ ራሱ ማብራቱ አይቀርም።

ወደ እውነተኛው መልስ የተጠጋው ደግሞ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሳይሆን ደራሲ መሆኑ ያስደስተኛል። አሜሪካዊው ኤድጋር አላን ፖ በ1848 ባሳተመው «ዩሬካ» በተባለ ጽሑፉ፣ ጨለማው የሚታየን የሩቆቹ ከዋክብት ብርሃን ገና ስላልደረሰን ሊሆን ይችላል አለ።

ብርሃን በአንድ ሰከንድ ወደ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ቢሆንም ከፀሐይ እኛ ዘንድ ለመድረስ ስምንት ደቂቃ፣ ከቅርቡ ኮከብ ከአራት ዓመት በላይ፣ አንድሮሜዳ ከተባለው የከዋክብት ጭፍራ ወደ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። በመዝገብ ቤት የሚሠራ አንባቢ ይህ ነገር ፈጥኖ ይገባዋል፤ ደብዳቤው አልደረሰም ማለት አልተጻፈም ማለት አይደለም።

የኬፕለር ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ጨለማው የሚመሰክረው ስለ ስፍራ ሳይሆን ስለ ጊዜ ነው። ከዋክብት ለዘላለም ሲያበሩ አልኖሩም፤ ዓለሙም ዕድሜ አለው። ቤልጅጋዊው ካህን ለሜትር በ1927፣ አሜሪካዊው ሃብል በ1929 የከዋክብት ጭፍሮች እርስ በርሳቸው እየተራራቁ መሆናቸውን አሳወቁ። ነገሩን ወደ ኋላ ቢመልሱት ሁሉም በአንድነት ተጨናንቆ ወደነበረበት ዘመን ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲህ ወደ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ሆኗል።

ከዚያ ዘመን የቀረ ምልክት ቢፈለግ ተገኘ፤ ያገኙት ግን ሲፈልጉት የነበሩት አይደሉም። ፔንዚያስና ዊልሰን በኒው ጀርሲ የቀንድ ቅርጽ ባለው ታላቅ አንቴና ሲሠሩ ከየአቅጣጫው የማያቋርጥ እሽታ ሰሙ። አንቴናው ውስጥ ርግቦች ጎጆ ሠርተው ነበርና ኩሱን ጠረጉ፤ እሽታው ግን አልጠፋም። በ1965 እንደ ተገለጸው ይህ የጥንቱ ዓለም ብርሃን ነው። ዓለሙ ዕድሜው 380 ሺህ ዓመት ገደማ በሆነ ጊዜ እንደ ጉም ሆኖ በሦስት ሺህ ዲግሪ ይግል ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠፈሩ ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ ስለ ተለጠጠ ብርሃኑም አብሮ ተለጥጦ ቀዝቅዟል፤ ዛሬ ከዜሮ በታች ወደ 270 ዲግሪ ስለሆነ ዓይን አያየውም። ስለዚህ በከዋክብቱ መካከል ያ ጥቁር ቦታ ባዶ አይደለም። በየአቅጣጫው ዓይናችን በእርግጥ ከሚያበራ ነገር ላይ ያርፋል፤ የደከመው ብርሃኑ ነው።

ታዲያ ወሰን አለው ወይስ የለውም? አይንሽታይን በ1917 ሦስተኛ መንገድ አሳየ፤ መጠን ያለው፣ ዳር ግን የሌለው ዓለም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ብቻ የሚጓዝ ሰው ከዳር ሳይደርስ በምሥራቅ በኩል እንደሚመለስ ማለት ነው። ይህ እውነት መሆኑን ለማወቅ ግዙፍ ሦስት ማዕዘን መለካት ይበቃል፤ ጠፈሩ እንደ ኳስ ከጎበጠ የማዕዘኖቹ ድምር ከ180 ዲግሪ ይበልጣል። በ2009 የመጠቀችው የአውሮፓ ሳተላይት ፕላንክ ያንኑ የጥንት ብርሃን መረመረች፤ ልኬቷ ከሌሎች ልኬቶች ጋራ ተደምሮ ጠፈሩ ከመቶ አንድ እጅ በማይሞላ ስሕተት ደልዳላ ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ አንድ ጋሻ መሬት የሚለካ ቀያሽ ምድር ጠፍጣፋ ብትመስለው አይፈረድበትም፤ ጉብጠቷ ለአንድ ጋሻ አይታወቅምና። የእኛ ጋሻ በየአቅጣጫው ወደ 46 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ነው፤ ከዕድሜው የበለጠው ብርሃኑ ሲጓዝ መንገዱ ራሱ ሲለጠጥ ስለኖረ ነው። ከዚያ ማዶ ያለው መጨረሻ ይኑረው አይኑረው ይህ ልኬት አይነግረንም።

በማግሥቱ ክፍል ገብቼ የትናንት መልሴ እንደማይበቃ ተናገርኩና ይህን ሁሉ ገለጽኩ። ያው ልጅ ጥቂት አስቦ ተነሣ። «መምህር፤ በዚያ በመጨረሻው ርቀት ላይ የቆመ ሰው ዛሬ ወደኛ ቢመለከት ምን ያያል?»

እኛን አያይም አልኩት። ፀሐይም ምድርም ሳይኖሩ የነበረውን የጋለ ጉም ያያል፤ የሚታየው ዓለም የሚያበቃበት የእርሱ ዳርቻ እኛ ነን። ፊቱን ቢያዞር ግን እኛ ከቶ ያላየናቸው የከዋክብት ጭፍሮች አሉለት።