የጠፋ ጣቢያ ፍለጋ፤ የዲጂታል ቴሌቪዥን አቀባበል በጅማና በቡና ከተሞች

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፥ ይኸውም በአጋሮ፥ በሊሙ ገነት፥ በየቡ፥ በሰርቦና በሰቃ፥ ቴሌቪዥን ያለው ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ችግር አለ። ትናንት ይታይ የነበረው ጣቢያ ዛሬ ይጠፋል፤ ወይም ሥዕሉ እየተሰባበረ፥ ድምፁም እየተቆራረጠ ይመጣል። ያን ጊዜ አንዱ ጣቢያውን ይወቅሳል፤ ሌላው ሪሲቨሩን ይለውጣል፤ ሦስተኛው ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል። ችግሩ የሚበዛው በክረምት ነው። ክረምት ደግሞ የዐምናው የቡና ገንዘብ አልቆ የዘንድሮው ቡና ገና ያልደረሰበት ወቅት ስለ ሆነ፥ ያለ በቂ ምክንያት አዲስ መሣሪያ መግዛት ለአንድ ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ጣቢያ የሚጠፋበትን ምክንያት ከሥረ መሠረቱ እንገልጻለን፤ ቀጥሎም ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ጥፋቱ የት እንዳለ የሚታወቅበትን መንገድ እናሳያለን።

1ኛ፤ ከአናሎግ ወደ ዲጂታል

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ብዙ ዓመታት ሥርጭቱ አናሎግ በሚባለው ዘዴ ይካሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በጄኔቭ የተደረገው ስምምነት አፍሪካንና አውሮጳን ጨምሮ ብዙ አገሮች ወደ ዲጂታል የምድር ሥርጭት እንዲሻገሩ ወሰነ፤ ለአብዛኛው ክፍልም እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 2015ን የሽግግሩ ማብቂያ አደረገው። አገራችንም የመረጠችው ዲ.ቪ.ቢ.-ቲ2 የተባለውን ሥርዐት ነው። ይህ ሥርዐት ከቀድሞው ዲ.ቪ.ቢ.-ቲ የተለየ ስለ ሆነ፥ ከውጭ አገር በስጦታ የመጣ አሮጌ መቀበያ ሞገዱ በደጃፉ ቢያልፍም አንዳች ጣቢያ አያገኝም። እንዲህ ያለው መሣሪያ ተበላሽቷል አይባልም፤ ቋንቋውን አያውቅም እንጂ።

ይሁን እንጂ በአገራችን ብዙው ተመልካች ጣቢያዎችን የሚያገኘው በሳተላይት ሰሐን፥ ማለት በዲሽ ነው። ስለዚህ የምድሩን አንቴናና የሳተላይቱን ሰሐን ጎን ለጎን እናያለን።

2ኛ፤ ዲጂታል ሥዕል ለምን በድንገት ይጠፋል?

በአናሎግ ዘመን ሞገዱ ሲደክም ሥዕሉ ቀስ በቀስ በረዶ የወረደበት ይመስል ነበር፤ ሆኖም ሰውየው ማን እንደ ሆነ ይታወቅ፥ ድምፁም ይሰማ ነበር። ዲጂታል ግን እንዲህ አይደለም። ሥዕሉ በቍጥር ተለውጦ ከተጨማሪ ማረሚያ ቍጥሮች ጋር ይላካል። ጥቂት ፊደሎች የጠፉበት ደብዳቤ ቢደርሰን የጎደለውን በአሳብ ሞልተን እናነባለን፤ ብዙ ፊደል ከጠፋ ግን አንድም ቃል አናገኝም። መቀበያውም እንደዚሁ ስሕተቱን እስከ አንድ ልክ ድረስ እያረመ ጥርት ያለ ሥዕል ያሳያል፤ ከዚያ ልክ ሲያልፍ ገደል እንደ ገባ ሰው በአንድ ጊዜ ይሰወራል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ትልቅ ነው። ሥዕሉ ጥሩ ሆኖ መታየቱ አቀባበሉ አስተማማኝ ነው ማለት አይደለም፤ ምናልባት ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ይሆናል። ይህን ለማወቅ በሪሲቨሩ ላይ ያሉትን ሁለት መለኪያዎች መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የሲግናል ኃይል፥ ሁለተኛው የሲግናል ጥራት ነው። ኃይሉ ከጫጫታ ጋር ተደምሮ ሊለካ ስለሚችል፥ ሰሐኑ ወደ ባዶ ሰማይ ቢዞር እንኳ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የምንመለከተው ጥራቱን ነው።

3ኛ፤ አንድ ጣቢያ ነው የጠፋው ወይስ ብዙ?

በዲጂታል ሥርጭት ብዙ ጣቢያዎች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ተጠቅልለው ይላካሉ፤ በአንድ ጆንያ ውስጥ የብዙ ሰዎች ዕቃ እንደሚጫን ማለት ነው። ጆንያው ከጠፋ የሁሉም ዕቃ ይጠፋል። እንግዲህ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ያሉት ጣቢያዎች አብረው ከጠፉ ጥፋቱ ያለው በዚያ ሞገድ አቀባበል ላይ ነው። ከጆንያው ውስጥ አንዱ ብቻ ጠፍቶ ሌሎቹ ካሉ ግን አንቴናውን መነካካት ከንቱ ድካም ነው፤ ጣቢያው ሥርጭቱን አቋርጧል፥ ቦታ ለውጧል፥ ወይም በቍልፍ ዘግቶታል።

በሳተላይት በኩል ሌላም ምልክት አለ። ሪሲቨሩ በገመዱ በኩል ወደ ሰሐኑ ዐይን፥ ማለት ወደ ኤል.ኤን.ቢ.፥ ኤሌክትሪክ ይልካል። 13 ቮልት ሲልክ ቀጥ ብለው የቆሙትን ሞገዶች፥ 18 ቮልት ሲልክ አግድም የሆኑትን ይመርጣል። እንግዲህ አግድሞቹ ጣቢያዎች ሁሉ ጠፍተው ቀጥ ያሉት ከቀሩ፥ ሰሐኑ ወደ ሳተላይቱ መዞሩ የተረጋገጠ ነው፤ የሚጠረጠረው 18 ቮልቱን ማድረስ ያቃተው ገመድ፥ ማያያዣ ወይም ሪሲቨር፥ አለዚያም ራሱ ኤል.ኤን.ቢ.ው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ማብቂያ ኢትዮሳት የተባለው አገልግሎት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ በነበረው ኤን.ኤስ.ኤስ.-12 ሳተላይት ላይ ሲከፈትና የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ወደዚያ ሲዛወሩ፥ በብዙ ቤት ጣቢያዎች የጠፉት አንዳች ዕቃ ተበላሽቶ አልነበረም። ቀድሞ ወደ ናይልሳት፥ ይኸውም ወደ 7 ዲግሪ ምዕራብ፥ የተተከለ ሰሐን በጅማ ከአድማስ 39 ዲግሪ ያህል ቀና ብሎ ወደ ምዕራብ ይመለከታል። ለ57 ዲግሪ ምሥራቅ ግን ወደ ምሥራቅ ዞሮ፥ ጥቂት ወደ ደቡብ አዘንብሎ፥ 65 ዲግሪ ያህል ወደ ሰማይ ማየት አለበት። ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰሐን የሚያየው የሰማይ ስፋት 2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለ ሆነ፥ በነፋስ ወይም በልጆች ኳስ ትንሽ ቢነቃነቅ ጥራቱ ይወድቃል።

4ኛ፤ ተራራ፥ ዛፍና ቆርቆሮ

የምድር ሥርጭት ከሰማይ አይወርድም፤ ከማሰራጫው ግንብ ተነሥቶ ምድርን እየታከከ ይመጣል። በለጥ ያለ ሜዳ ላይ 100 ሜትር ከፍታ ካለው ግንብ የተላከ ሞገድ በ9 ሜትር እንጨት ላይ ለተሰቀለ አንቴና የሚደርሰው 54 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ያለ ግንብ በጅማ ቢቆም፥ በቀጥታ መስመር ሲለካ አጋሮና ሊሙ ገነት ከዚህ ልክ ውስጥ ይገባሉ፤ ከጎጀብ ሸለቆ ማዶ ያለችው ቦንጋ ግን ትቀራለች። ነገር ግን አገሩ ሜዳ አይደለም። ከኮረብታ ጀርባ ያለ መንደር በ10 ኪሎ ሜትር ርቀት ሞገድ ሊያጣ፥ አፋፍ ላይ ያለ ቤት ደግሞ በ40 ኪሎ ሜትር ጥርት ያለ ሥዕል ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ለምድር አንቴና የመጀመሪያው መድኀኒት ማጉያ ሳይሆን ከፍታ ነው።

ተራራው ሞገዱን መከለል ብቻ አይደለም፤ እንደ ገደል ማሚቶም ይመልሰዋል። ሞገድ በአንድ ሚሊዮንኛ ሴኮንድ 300 ሜትር ይሄዳል፤ በተራራ ዞሮ 3 ኪሎ ሜትር የበለጠ የተጓዘ ማሚቶ በ10 ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ዘግይቶ ይደርሳል ማለት ነው። ዲ.ቪ.ቢ.-ቲ2 እንዲህ ያለውን መዘግየት እንዲችል በየምልክቱ መካከል የጥበቃ ጊዜ ተሰጥቶታል። ሆኖም የቅርብ ማሚቶ፥ ለምሳሌ ከጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ የሚመለሰው፥ ከዋናው ሞገድ ጋር ተጋጭቶ አንዱን ፍሪኩዌንሲ ሊያዳክም ሌላውን ሊያጠነክር ይችላል። በ600 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 50 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ፥ አንቴናውን አንድ ክንድ ያህል ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ማዛወር ብቻ የጠፋውን ሊመልስ ይችላል።

ቡና በጥላ ሥር የሚበቅል ስለ ሆነ ቤቶቹም ብዙ ጊዜ በዋንዛ፥ በሰሳና በብሳና መካከል ናቸው። ከዝናብ በኋላ እርጥብ የሆነ ቅጠል ሞገድን አብዝቶ ይውጣል። ሰሐኑን በበጋ የተከለ ሰው በክረምት ቅርንጫፉ እንደሚያድግ ማሰብ አለበት።

5ኛ፤ ዝናብና ውኃ

የጅማ ዝናብ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዝናብ በሁለት ልዩ ልዩ መንገድ ይጎዳል፤ እነዚህንም መለየት ዋና ነገር ነው። የዲሽ ሞገድ ከ11 እስከ 12 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለ ሆነ ከባድ ዝናብ ራሱ ያደክመዋል፤ ዝናቡ ሲያባራ ግን ሥዕሉ በራሱ ይመለሳል። የምድሩን ሞገድ የዝናብ ጠብታ ያን ያህል አይጎዳውም። ዝናቡ ካባራ በኋላ ለቀናት ጠፍቶ የሚቆይ ሥዕል ግን፥ በዲሽም ሆነ በአንቴና፥ ውኃ በማያያዣው በኩል ወደ ገመዱ መግባቱን ያመለክታል። ገመዱ ሲፈታ የመዳቡ ሽቦ ጠቍሮ ወይም አረንጓዴ ዝገት ይዞ ይገኛል። የተበላሸውን ጫፍ ቆርጦ፥ አዲስ ማያያዣ አስገብቶ፥ ውኃ በማያስገባ ፕላስተር መጠቅለል፥ ገመዱንም ውኃው ወደ ታች እንዲንጠባጠብ ቈልመም አድርጎ ማሰር ይበቃል። ይህ ሪሲቨር ከመግዛት እጅግ የረከሰ ነው።

በጠራ ሰማይም የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ፀሐይ በሳተላይቱ ጀርባ በምታልፍበት ጊዜ ጫጫታዋ ሞገዱን ይሸፍነዋል። ለጅማና ለ57 ዲግሪ ምሥራቅ ስናሰላው፥ ይህ የሚሆነው በመስከረም 16 አካባቢ፥ ማለት በደመራ ሰሞን፥ እንደዚሁም በመጋቢት ሁለተኛ ሳምንት መግቢያ፥ ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ፥ ለጥቂት ቀናትና በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። መድኀኒቱ መታገሥ ብቻ ነው።

6ኛ፤ ከሌላ መሣሪያ የሚመጣ መረበሽ

ብየዳ፥ የወፍጮ ቤትና የቡና መፈልፈያ ሞተር፥ ጄነሬተርና የላላ የመብራት ሽቦ ብልጭታ ያወጣሉ፤ ብልጭታም የሬዲዮ ጫጫታ ነው። ይህ ጫጫታ ከ174 እስከ 230 ሜጋኸርዝ ባለው ክፍል ይበረታል፥ ከ470 ሜጋኸርዝ በላይ ባለው ይቀንሳል። ምልክቱ ሰዓቱ ነው፤ ሥዕሉ የሚሰባበረው ሞተሩ ሲነሣ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ ተገኝቷል።

ሁለተኛው የሞባይል ስልክ ግንብ ነው። ቀድሞ ለቴሌቪዥን የነበረው ከ790 እስከ 862 ሜጋኸርዝ ያለው ክፍል፥ ኋላም ከ694 በላይ ያለው፥ በዓለም አቀፍ ውሳኔ ለሞባይል አገልግሎት ተከፍቷል። የቀድሞ አንቴናዎችና ማጉያዎች ግን ይህን ሁሉ ያስገባሉ። ማጉያ (ቡስተር) መልካሙን ሞገድ ከክፉው አይለይም፤ ጫጫታውንም አብሮ ያጎላል፥ በብርቱ ሞገድ አጠገብም ራሱ ይታፈናል። ስለዚህ ግንብ አጠገብ ያለ ሰው መጀመሪያ ማጉያውን ነቅሎ ይሞክር፤ ካልሆነ የሞባይሉን ሞገድ የሚያስቀር ማጣሪያ ያስገባ።

7ኛ፤ የምርመራው ቅደም ተከተል

ከላይ የተባለውን ስናጠቃልል፥ መርማሪው በሚከተለው ተራ ቢጠይቅ ከብዙ ወጪ ይድናል።

ሀ) ጎረቤት ዘንድ ይታያል ወይ? እዚያም ከጠፋ ጥፋቱ ከቤት ውጭ ነው፤ መጠበቅ ይገባል።

ለ) የጠፋው አንድ ጣቢያ ነው፥ የአንድ ፍሪኩዌንሲ ጣቢያዎች ናቸው፥ ወይስ ሁሉም?

ሐ) መቼ ይጠፋል? በዝናብ ጊዜ፥ ከዝናብ በኋላ፥ በነፋስ ወይስ ሞተር ሲነሣ?

መ) ከሪሲቨሩ ጀርባ ጀምሮ እጅ የሚደርስባቸው ማያያዣዎች ደኅና ናቸው ወይ?

ሠ) የጎረቤት ሪሲቨር ተውሶ በራስ ገመድ ላይ ሲሞከር ምን ይሆናል?

ረ) ሰሐንና አንቴና መንካት የመጨረሻው ነው።

ጣቢያዎችን እንደገና መፈለግ፥ ሰርች ማድረግ የሚባለው፥ ጥራቱ ከተመለሰ በኋላ እንጂ በፊት መሆን የለበትም። ብዙ መሣሪያዎች ሲፈልጉ የቀድሞውን ዝርዝር ስለሚያጠፉ፥ በዝናብ መካከል የፈለገ ሰው የነበሩትንም ያጣል። በእርጥብ ቆርቆሮ ላይ መውጣት፥ በመብረቅ ጊዜ የብረት ምሰሶ መንካት፥ ረጅም ቧንቧ በመብራት ሽቦ አጠገብ ማቆም ነፍስ የሚያጠፋ ሥራ ነው፤ ለማንኛውም ፕሮግራም ተብሎ አይደረግም።

እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ፕላዝማ በተባለው የሳተላይት ትምህርት የተማሩ ጓደኞቻችን፥ ሞገድ ሲጠፋ ትምህርቱ እንደማይደገም ያስታውሳሉ። የሞገድ መጥፋት የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ይህ ያስረዳል። የፊዚክስና የኤሌክትሪክ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየአገራቸው ሲመለሱ አንድ ደብተር ይዘው፥ ጣቢያ በጠፋ ቍጥር ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ የአየሩን ሁኔታና የጥራቱን መጠን ቢመዘግቡ፥ የየከተማው ችግር ከተራራው ይሁን ከገመዱ በማስረጃ ይታወቃል። ያን ጊዜ መንደሩ በግምት ገንዘብ ማውጣቱ ይቀራል፤ ለሚመለከተው ክፍል የሚቀርበውም አቤቱታ በቍጥር የተደገፈ ይሆናል።