ሰርዶ በጋውን እንዴት ይዘልቃል?

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች አሉ አህያ። የማይሆን ምኞት ነው፤ ሰርዶን ከማሳው ሊያጠፋ የታገለ ገበሬ ያውቀዋል። ግቢ ውስጥ ለሚተከል ሣር ግን ይኸው እልኸኝነቱ ነው የሚፈለገው፤ ከተተከለ በኋላ ዓመት ዓመት ራሱን ያድሳል፣ ውኃም ብዙ አይጠይቅም። አሜሪካኖች በርሙዳ እያሉ የጎልፍና የኳስ ሜዳ የሚያለብሱት ይኸንኑ ሣር ነው፤ የአፍሪካ ተወላጅ ነው።

አንዱን ነቅላችሁ ተመልከቱት። መሬት ለመሬት የሚሳብ ቀጭን ሐረግ አለው፤ በየአንጓው ወደ ታች ሥር፣ ወደ ላይ ቅጠል ያወጣል። ከአፈሩ በታች ደግሞ ነጣ ያለ፣ ጫፉ እንደ ወስፌ የሾለ ነገር ታገኛላችሁ። ሥር ይመስላል እንጂ ምግብ የሚከማችበት ግንድ ነው። ማረሻ ሲቆራርጠው፣ አንጓ ያለው ቁራጭ ሁሉ ራሱን የቻለ ሰርዶ ይሆናል። ገበሬው አርሶ ብቻ የማይተወው፣ ለቅሞ ከማሳው የሚያወጣው ለዚህ ነው።

ዝናብ ሲጠፋ ቅጠሉ ይታጠፋል፣ ይገረጣል፣ ከዚያም ይደርቃል። ይሄኔ «ሣሬ ሞተ» ብሎ ጎማ የሚዘረጋው ብዙ ነው። አልሞተም፤ ቅጠሉን ትቶ፣ ታች ባለው ግንድ ውስጥ ባጠራቀመው ቀለብ ዝናብ ይጠብቃል።

ቅጠሉም የራሱ ብልሃት አለው። ዕፅዋት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስገባት ጥቃቅን ቀዳዳዎቻቸውን በከፈቱ ቁጥር ውኃቸው ይተናል። ሰርዶ የገባለትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቅጠሉ ጅማቶች ዙሪያ ባሉ ሴሎች ውስጥ አከማችቶ ስለሚጠቀምበት፣ ቀዳዳዎቹን ሰፋ አድርጎ መክፈት አያስፈልገውም። ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላም እንዲሁ ናቸው፤ ስንዴና ገብስ ግን ይህ ዘዴ የላቸውም።

ዘዴው ፀሐይና ሙቀት ይፈልጋል። ከዛፍ ጥላ ወይም ከረጅም ግንብ ሥር ሰርዶ ይመነምናል፤ ውርጭ በሚመታው ደጋም ቅጠሉ ይቃጠላል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ባትደክሙ ይሻላል።

አተካከሉ ቀላል ነው። ክረምቱ ሲገባ 2 ወይም 3 አንጓ ያለውን ቁራጭ ግማሹን አፈር ውስጥ ቅበሩ፤ እስኪይዝ ድረስ አፈሩ አይድረቅ። ከያዘ በኋላ በየማታው ላይ ላዩን መርጨት ትርፉ ሥሩን አፈሩ ላይ ማስቀረት ነው። አልፎ አልፎ፣ ግን እስኪርስ ድረስ አጠጡት፤ ያን ጊዜ ሥሩ እርጥበት ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል።

ግቢያችሁ ውስጥ የጎመንና የካሮት መደብ ካለ ግን ሰርዶ አታስገቡ። ድንበሩ ላይ ድንጋይ ብትደረድሩ እንኳ ከላይ በሐረጉ፣ ከሥር በግንዱ ይሻገራል።