ከኦፕራሲዮን በኋላ፦ መርፌ ወይስ ክኒን?



በቅርቡ አዳር ተረኛ ሆኜ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን የተሠሩ አንዲት እናት ዘንድ ተጠራሁ። ሁለተኛ ቀናቸው ነው፤ ምግብም ጀምረዋል። ልጃቸው ተቆጥቷል። «ዶክተር፣ እንዲህ እያመማት ክኒን ብቻ? መርፌ ውጉልኝ እንጂ!» አለኝ። መረመርኳቸው፤ ሆዳቸውም ቁስላቸውም ደህና ነው። ክኒኑስ? ትራሳቸው ሥር ተቀምጧል! «ሲጠናብኝ እውጠዋለሁ ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ።

ብዙዎቻችን መርፌ ካልተወጋን የታከምን አይመስለንም። እስቲ መንገዶቹን እናወዳድር።

1. በደም ስር፦ በቀጥታ ደም ውስጥ ስለሚገባ በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል። ከኦፕራሲዮን ክፍል እንደወጣን፣ ሲያስመልሰን ወይም በአፍ መውሰድ ሲከለከል ይመረጣል። እንደ ሞርፊን ያሉት ግን ትንፋሽን ሊያዳክሙ ስለሚችሉ ክትትል ይፈልጋሉ።

2. በጡንቻ (ቂጥ ወይም ታፋ ላይ)፦ መርፌው ራሱ ያማል፤ መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባበት ፍጥነትም ከሰው ሰው ይለያያል። የአሜሪካ የህመም ማኅበር በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለኦፕራሲዮን ህመም ይህ መንገድ እንዲቀር መክሯል።

3. በአፍ፦ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ያው መመሪያ መዋጥ ለሚችል ታካሚ ሞርፊንና መሰሎቹ እንኳ ከደም ስር ይልቅ በአፍ ቢሰጡ ይመረጣል ይላል።

4. በማደንዘዣ፦ በጀርባ በሚገባ ቀጭን ቱቦ (ኤፒዱራል) ወይም ነርቭ አካባቢ በሚሰጥ መርፌ የተሠራው ቦታ ይደነዝዛል። ለትልልቅ ኦፕራሲዮኖች በጣም ይረዳል፤ ባለሙያና ክትትል ግን ይፈልጋል።

5. ታካሚው በሚጫነው ቁልፍ፦ ውጭ አገር ያላችሁ ታውቁት ይሆናል። ሲያማችሁ ትጫናላችሁ፣ ማሽኑ የተወሰነውን መጠን ይሰጣል። አስታማሚዎች፣ አደራ! «ተኝታለች፣ እኔ ልጫንላት» አይባልም። የተኛ ሰው ቁልፉን አለመጫኑ ራሱ ከመጠን በላይ እንዳይወስድ ይጠብቀዋል።

ታዲያ ዋናው ነገር ምንድን ነው? መንገዱ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ህመም ከጠና በኋላ ማስታገስ ይከብዳል። መቻል ጀግንነት ቢመስልም፣ ያመመው ሰው በደንብ አይተነፍስም፣ አይስልም፣ አይራመድም። ይህ ደግሞ ለሳንባ ምች እና ለእግር የደም መርጋት ያጋልጣል።

ስለዚህ፦
- ክኒኑን በታዘዘላችሁ ሰዓት ውሰዱ፤ ካስመለሳችሁ ለነርሷ ንገሩ።
- የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ህመም ወይም አስም ካለባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ዲክሎፌናክ ሊጎዳችሁ ይችላል፣ በመርፌ ቢሰጥም እንኳ!
- ከቤት ያመጣችሁትን ክኒን አትደርቡ። ፓራሲታሞል ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም (ባለ 500 ሚሊግራም 8 ፍሬ) ማለፍ የለበትም፤ ጉበቱን ለሚያመው ከዚያም ያንሳል።
- ታካሚው ሲቀሰቅሱት በቀላሉ ካልነቃ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ ወዲያውኑ ተጣሩ።

እኚያ እናት ክኒናቸውን ዋጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ ትራሱን ሆዳቸው ላይ ደግፈው ቁጭ ብለው ይስላሉ። በማግስቱ ልጃቸውን ተደግፈው ኮሪደሩ ላይ ሲራመዱ አገኘኋቸው። መርፌም አልተወጉም።

ኦፕራሲዮን የሚጠብቀው ወይም የሚያስታምም ወዳጅ ካላችሁ ሼር አድርጉለት።